የካሜራ ሴንሰርን ከአቧራና ከቅባት ማጽዳት፦ ድሬዳዋና ሐረር ላሉ ፎቶ አንሺዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ሌንሳቸው በሚፈታ ካሜራዎች፣ ከሴንሰሩ ፊት መስታወት ባለው ዲኤስኤልአርም መስታወት በሌለው ሚረርለስም፣ ለሚሠሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ሴንሰርን፣ ማለትም ከሌንሱ ጀርባ ሆኖ ብርሃኑን ወደ ፎቶ የሚቀይረውን ክፍል፣ ከአቧራው ይበልጥ የሚጎዳው የተቻኮለ እጅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይፈተሻል፣ ቀጥሎ በአየር ይነፋል፤ ፈሳሽ የሚነካው አየር ያቃተውን ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል የሚከተሉ ናቸው።

ጥቁሩ ነጥብ ከሴንሰሩ ይሁን ከሌንሱ በምን አውቃለሁ?

ነጭ ግድግዳ አንሥተው፣ ሌንስ ቀይረው ያንኑ ግድግዳ እንደገና ያንሡ። ነጥቡ ቦታውን ካልለቀቀ ሴንሰሩ ላይ ነው። ሌንስ ላይ ያረፈ አቧራ ጥርት ያለ ነጥብ አይሠራም፤ ሲበዛ ፎቶውን ያደበዝዛል፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆንም ብርሃን ይበትናል። ዓይን በሚያይበት መስኮት፣ በቪውፋይንደር፣ እየታየ ፎቶው ላይ የማይወጣ ቆሻሻ ደግሞ መስታወቱ ወይም ከመስታወቱ በላይ ያለው የትኩረት ስክሪን ላይ ነው። እሱን ይተዉት፤ ምክንያቱ ወደ ታች ተጽፏል።

ማታ ሻተሩ (ከሴንሰሩ ፊት ያለው መጋረጃ) ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ ሲቆይ የሚወጣ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም ነጭ ፍንጣቂ ቆሻሻ አይደለም። የጋለ ፒክስል ይባላል፤ ሴንሰሩ በሞቀ ቁጥር ስለሚጨምር ድሬ ላይ ጎልቶ ቢታይ አይግረምዎት። የቱንም ያህል ቢያጸዱት አይጠፋም።

የሠርግ ፎቶዬ ላይ የለም፤ ሰማይ ሳነሣ ግን ነጥብ በነጥብ ይሆናል። ለምን?

ምክንያቱ አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል። አቧራው ብርሃን የሚቀበለውን ሲሊኮን አይነካም፤ የሚያርፈው ከፊቱ ባለው የመስታወት ፊልተር ላይ ነው። በሁለቱ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ርቀት አለ ብለን እናስላ። በኤፍ 2.8 ብርሃኑ የሚመጣው ከሰፊ ቀዳዳ ስለሆነ የአቧራው ጥላ ወደ 0.36 ሚሊ ሜትር ተበትኖ ይሰፋል። ስፋቱ 0.05 ሚሊ ሜትር የሆነ ቅንጣት በዚያ ላይ የሚቀንሰው ብርሃን 2 በመቶ ገደማ ስለሆነ ዓይን አይለየውም። በኤፍ 22 ግን ብዥታው ወደ 0.045 ሚሊ ሜትር ይወርድና ጥላው የቅንጣቱን መጠን ያህል ሆኖ ይጠቁራል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም (36 በ24 ሚሊ ሜትር) ሴንሰር ላይ የአንዱ ፒክስል ስፋት 0.006 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ያ ቅንጣት በአንድ መስመር ከስምንት ፒክስል በላይ ይሸፍናል።

አዳራሽ ውስጥ በኤፍ 2.8 ሲያነሡ ያልታየ ነጥብ በማግሥቱ ከጀጎል ግንብ በላይ ያለውን ሰማይ በኤፍ 16 ሲያነሡ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። የሥራዎ አብዛኛው የሰው ፎቶ ከሆነና አፐርቸርዎ ከኤፍ 5.6 የማይጠብ ከሆነ፣ ሁለት ሦስት ነጥብ ስላገኙ ብቻ ፈሳሽ ማንሣት አያስፈልግዎትም።

ሴንሰሩን እንዴት ልፈትሸው?

አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር ኤፍ 16 ወይም ኤፍ 22 ያድርጉ። ራስ ሰር ትኩረቱን አጥፍተው ሌንሱን በእጅ ከትኩረት ውጭ ያውጡት። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ወረቀት ወይም ደመና የሌለው ሰማይ ያንሡ፤ ነጩ ግራጫ ሆኖ እንዳይወጣ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ይጨምሩ። ቤት ውስጥ ሻተሩ አንድ ሁለት ሰከንድ ከወሰደ ካሜራውን ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት። የግድግዳው ጉድፍ ይደበዝዛል፤ ሴንሰሩ ላይ ያለው ግን ከካሜራው ጋር አብሮ ስለሚሄድ ቁልጭ ብሎ ይቀራል።

ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ በ100 ፐርሰንት ከፍተው ከጥግ እስከ ጥግ ይዩት። ስልክ ብቻ ካለዎት ኮንትራስቱን እስከ መጨረሻው ይጨምሩ። ከዚያ ቅርጹን ያንብቡ። ትንሽና ጥቁር ከሆነ ደረቅ አቧራ ነው። ክብ ሆኖ ዳሩ ጠቆር፣ መሃሉ ፈዘዝ ካለ ቅባት ወይም የደረቀ ጠብታ ነው። የተጠማዘዘ መስመር ክር ወይም ፀጉር ነው። ይህን የመጀመሪያ ፎቶ እንዳያጠፉት፤ ካጸዱ በኋላ የሚያነጻጽሩት ከእሱ ጋር ነው።

ነጥቡ ፎቶው ላይ ከላይ በግራ ነው። ሴንሰሩ ላይ የት ልፈልገው?

ከታች በግራ። ምስል ሴንሰር ላይ የሚያርፈው ተገልብጦ ነው። ካሜራውን ቀጥ አድርገው በሌንሱ ቀዳዳ በኩል ከፊት ሲያዩት ግራና ቀኙ እንደ ፎቶው ይሆናል፤ ላይና ታቹ ግን ይለዋወጣል። ሰማይ ላይ ለሚታይ ነጥብ የሴንሰሩን ግርጌ ይመልከቱ።

ካሜራው ሲበራና ሲጠፋ ራሱን ያጸዳ የለም? እሱ አይበቃም?

ለቀላልና ለደረቅ አቧራ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ኦሊምፐስ እ.ኤ.አ. በ2003 በኢ-1 ካሜራው፣ ካኖን ደግሞ በ2006 በ400ዲ ያመጡት አሠራር ፊልተሩን በከፍተኛ ፍጥነት አንቀጥቅጦ አቧራውን ማራገፍ ነው። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርገው አስቀምጠው ከሜኑ ሦስት አራት ጊዜ ያሠሩት፤ የተራገፈው ወደ ታች ይወርዳል። ቅባት፣ የአበባ ብናኝና የዕጣን ጭስ ያጣበቀው አቧራ ግን በመንቀጥቀጥ አይለቅም።

በአየር መንፋት የምጀምረው እንዴት ነው?

ክፍሉን ያዘጋጁ። በርና መስኮት ይዘጋ፣ ቬንትሌተር ይጥፋ። ድሬ ላይ ይህ ከባድ ትእዛዝ ነው፤ ስለዚህ ሥራውን ለማለዳ ያድርጉት። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ የተነሣው አቧራ ይረፍ። ጥሩው ቦታ ሻወር ቤት ነው፤ ውሃው አየር ላይ ያለውን አቧራ ወደ ወለል ያወርደዋል። የሱፍ ልብስና ነጠላ አይልበሱ፤ ክራቸው ይበናል።

ባትሪው ሙሉ ይሁን። ዲኤስኤልአር ላይ ከሜኑ ውስጥ መስታወቱን ለጽዳት አንሥቶ የሚይዘውን ምርጫ ይክፈቱ። መስታወቱም ሻተሩም ክፍት ሆነው የሚቆዩት በባትሪ ኃይል ነው፤ መሃል ላይ ባትሪ ካለቀ መስታወቱ ይወርዳል፣ ሻተሩም ይዘጋል፤ ውስጥ ስዋብ (ጫፉ ጨርቅ የለበሰ የማጽጃ ዱላ) ካለ የሻተሩ ምላጭ ይታጠፋል። በዚሁ ምክንያት ሻተሩን በ«ቢ» ሞድ ጣትዎ ከፍቶ ይዞት አያጽዱ። ጣትዎ ለአፍታ ከላላ ያው ነው።

ከዚያ የላስቲኩን ብሎወር ከካሜራው ርቀው አምስት ስድስት ጊዜ በአየር ላይ ይጭመቁት፤ በውስጡ የተጠራቀመው ይውጣ። ካሜራውን አፉን ወደ መሬት ደፍተው፣ ጫፉን ከሌንስ ማሰሪያው ቀለበት አሳልፈው ሳያስገቡ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ጊዜ ጠንከር አድርገው ይንፉ። መጀመሪያ በሴንሰሩ ዙሪያ ያለውን የካሜራውን የውስጥ ሳጥን ግድግዳዎች፣ ቀጥሎ ሴንሰሩን። ግድግዳው ካልተነፋ ዛሬ ያጸዱት ሴንሰር ላይ ነገ ከዚያው ይወርድበታል። እንደተደፋ ካሜራውን ያጥፉ፣ ሌንሱን ያስገቡ፣ እንደገና ይፈትሹ። አብዛኛው ሥራ እዚህ ላይ ያልቃል።

በጎሚስታ ኮምፕረሰር ወይም በአፌ ብነፋውስ?

አይሆንም። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ከአየሩ ጋር ዘይትና ውሃ ይተፋል፤ ግፊቱም የሻተሩን ምላጭ ለማጣመም በቂ ነው። ከአፍ የሚወጣ ትንፋሽ የምራቅ ጠብታ ይዞ ይሄዳል፤ ጠብታው ሲደርቅ በብሎወር የማይለቅ ክብ ምልክት ይተዋል። በቆርቆሮ የሚሸጠው የታመቀ አየርም ቆርቆሮው ካዘነበለ በረዶ የሆነ ፈሳሽ ይረጫል። ለኮምፒውተር ኪቦርድ ይሁን እንጂ ለሴንሰር አይሁን።

ፈሳሽ መጠቀም ያለብኝ መቼ ነው? ምን ምን ያስፈልጋል?

ሁለት ጊዜ ነፍተው፣ ሁለት ጊዜ ፈትሸው፣ ያው ነጥብ በያው ቦታ ሲገኝ ነው። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ በጥራቱ ግን መደራደር አይገባም።

ስዋቡ ስፋቱ ከሴንሰሩ አጭር ጎን ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። ፉል ፍሬም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 24 ሚሊ ሜትር ስዋብ ይፈልጋል። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው አነስ ያለ ሴንሰር በኒኮንና በሶኒ 23.5 በ15.6፣ በካኖን 22.3 በ14.9 ገደማ ስለሆነ 16 ሚሊ ሜትር የሚባለው ይሆነዋል። ሰፊውን ስዋብ በጠባብ ሴንሰር ላይ ማስገደድ ከዳር ያለውን ቅባት ጎትቶ ወደ መሃል ማምጣት ነው። እያንዳንዱ ስዋብ ለየብቻው የታሸገ ይሁን።

ፈሳሹ ለሴንሰር ተብሎ የተሠራ ይሁን። እንደ ኢክሊፕስ ያሉት ሜታኖል ናቸው፤ ቶሎ ይተናሉ፣ ምልክት አይተዉም፣ ነገር ግን ተቀጣጣይ ስለሆኑ በአውሮፕላን ሻንጣ አይጫኑም። ከውጭ በዘመድ የምታስመጡ ከሆነ የማይቀጣጠለውን፣ ውሃ ላይ የተመሠረተውን ዓይነት እዘዙ። ጫፉ የሚያጣብቅ ጄል ያለው ዱላም ይሸጣል፤ አንድ ቅንጣት ለይቶ ለማንሣት ጥሩ ነው፣ ቅባት ግን አያነሣም። ከመግዛትዎ በፊት ለእርስዎ የካሜራ ብራንድ ይሆናል የሚል ጽሑፍ እንዳለው ያረጋግጡ፤ ሁሉም ለሁሉም ሽፋን አይስማማም።

የእርጥብ ጽዳቱ አካሄድ እንዴት ነው?

ፈሳሽ ከመንካቱ በፊት እንደገና ይንፉ። ይህ ለወግ የተጻፈ አይደለም። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በውስጡ ኳርትዝ አለው፤ የኳርትዝ ጥንካሬ በሞስ መለኪያ 7 ሲሆን የተለመደ መስታወት 5.5 አካባቢ ነው። በስዋቡ ሥር የተያዘ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሴንሰሩን ከዳር እስከ ዳር ትጭረዋለች፤ ጭረትን ደግሞ የሚያድን ፈሳሽ የለም። የግንባታ ቦታ ሲያነሡ ከቆዩ መንፋቱን በእጥፍ ያድርጉት።

ካሜራውን አሁን ሴንሰሩ ወደ ላይ እንዲያይ አድርገው በጀርባው ያስተኙት። እጅዎን ይታጠቡ፣ የስዋቡን ጨርቅ በጣት አይንኩት። ለ16 ሚሊ ሜትሩ ሁለት፣ ለ24 ሚሊ ሜትሩ ሦስት ጠብታ በጫፉ ጠርዝ ላይ ያንጠባጥቡ። ብዙ መመሪያዎች ፈሳሹ በጨርቁ እንዲዳረስ ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ ጠብቁ ይላሉ። ሐረር በማለዳ ያ ልክ ነው። ድሬ ላይ ቀትር ከሆነ ግን ሜታኖሉ እስኪጠብቁት አይጠብቅዎትም፤ ሦስት ሰከንድ ይበቃል። የደረቀ ስዋብ በሴንሰር ላይ መጎተት ከሁሉም የከፋ ነው።

ስዋቡን ጋደል አድርገው የሴንሰሩ ግራ ዳር ላይ ያሳርፉ። ጫፉ በትንሹ እስኪጎብጥ ብቻ ይጫኑት። ሳያቆሙ፣ ግፊቱን ሳይቀያይሩ፣ በሁለት ሦስት ሰከንድ ወደ ቀኝ ዳር ይውሰዱት። እዚያ ሲደርሱ ያንሡት፣ በሌላው ገጹ ያጋድሉት፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይመልሱት። አለቀ። ያ ስዋብ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል፤ ንጹሕ ቢመስልም ሁለተኛ ሴንሰር አይነካም። አንድ ደቂቃ ጠብቀው ካሜራውን ያጥፉ፣ ሌንሱን አስገብተው ይፈትሹ።

ነጥቡ ከቀረ በአዲስ ስዋብ ይድገሙ። በሦስተኛው ስዋብ ካልለቀቀ ያቁሙ። ጫና በመጨመር የሚለቅ ቆሻሻ አላየንም፤ የሚጨምረው የጉዳቱ ዕድል ብቻ ነው።

ካጸዳሁ በኋላ ዝንጉርጉር መስመር ወጣ። ምን ሆነ?

አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሹ በዝቷል። አዲስ ስዋብ ወስደው አንድ ጠብታ ቀንሰው ይድገሙት። ያ ካልፈታው ጠርሙሱን ይጠርጥሩ፦ ሜታኖል ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ክዳኑ ላልቶ የከረመ ፈሳሽ ውሃ ስለያዘ በሚደርቅበት ጊዜ መስመር ይተዋል። መስመሩ ሁልጊዜ ከአንድ ዳር የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ስዋቡ ከሴንሰሩ አልፎ የሳጥኑን ግድግዳ እየነካ ቅባት ይዞ እየተመለሰ ነው።

የፋርማሲ አልኮል፣ ሶፍት፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ የመነጽር ጨርቅ... አንዱም አይሆንም?

አንዱም። 70 ፐርሰንቱ አልኮል ቀሪው 30 ውሃ ነው፤ መስመር ይተዋል። ሳኒታይዘር ግሊሰሪን አለው፤ አንድ ጊዜ ከነካ ቅባቱን ለማስለቀቅ ብዙ ስዋብ ይፈጃል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን በዙሪያው ያለውን ፕላስቲክ ያቀልጣል። ሶፍትና ጥጥ ክራቸውን ውስጥ ይጥላሉ። የመነጽር ጨርቅ ኪስ ውስጥ የዋለ ስለሆነ ከሴንሰሩ የባሰ አቧራ ይዟል።

ሚረርለስ ካሜራ ላይ የሚለየው ምንድን ነው?

መስታወት ስለሌለ ሌንሱ ሲፈታ ሴንሰሩ በቀጥታ ይታያል፤ ለአቧራ ቅርብ ነው፣ ለማጽዳትም ቀላል ነው። ካኖን ኢኦኤስ አር ን የመሰሉ ሞዴሎች ሲጠፉ ሻተሩን ዘግተው ሴንሰሩን ይሸፍናሉ። ለአቧራው መልካም ነው፤ ነገር ግን የተዘጋውን ሻተር ሴንሰር መስሎዎት በብሎወር በቅርብ አይምቱት፣ በስዋብማ ፈጽሞ አይንኩት። ምላጮቹ እጅግ ስስ ናቸው። ንዝረት የሚቆጣጠር ሴንሰር ያላቸው ደግሞ ሲነኩ ትንሽ ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ከሜኑ የጽዳት ሞዱን ከፍተው እጅዎን ከወትሮው ያቅልሉ።

አዲስ ካሜራ ነው፤ ገና ከወዲሁ የቅባት ነጥብ አወጣ። ልመልሰው?

ሻተሩና መስታወቱ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሺህ ፎቶዎች የማለስለሻ ቅባት ሊረጩ ይችላሉ። አንድ ሁለት ጊዜ ሲጸዳ ቢቆም የተለመደ ነው። እየጸዳ በጥቂት መቶ ፎቶ ውስጥ ደግሞ የሚመለስ ከሆነ ችግሩ ሻተሩ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒኮን ዲ600 በዚህ ይታወቃል፣ ኩባንያውም በኋላ ሻተሩን በነጻ ይቀይር ነበር። ያገለገለ ዲ600 ልግዛ የሚል ካለ፣ ከመክፈሉ በፊት በኤፍ 16 ፈትሾ ይግዛ።

መስታወቱንና የትኩረት ስክሪኑን አብሬ ብወለውላቸውስ?

አይወልውሉ። የካሜራ መስታወት ብር ቀለሙ ከፊት ነው የተቀባው፤ በጨርቅ ይላጣል። የትኩረት ስክሪኑም በቀላሉ የሚጫር ፕላስቲክ ነው። ሁለቱም ላይ ያለ ቆሻሻ ፎቶ ላይ አይወጣም። ለስለስ ያለ የብሎወር አየር ይበቃቸዋል።

አቧራ እንዳይገባ ምን ላድርግ?

ከጽዳት ሁሉ ይህ ይበልጣል። ባጃጅ ላይ እየሄዱ ሌንስ አይቀይሩ፤ ከወረዱ በኋላም መንገዱ ላይ ሳይሆን ሱቅ ወይም ቤት ገባ ብለው ይቀይሩ። ካሜራውን አጥፍተው፣ አፉን ወደ መሬት ደፍተው፣ የሚገባውን ሌንስ የኋላ ክዳን አላልተው አዘጋጅተው ይቀይሩ። የሌንሱ የኋላ ክዳንና የካሜራው ክዳን ኪስ ውስጥ ከገቡ ከኪሱ ብናኝ ይዘው ይመለሳሉ፤ ሁለቱን ፊት ለፊት አጋጥመው ይግጠሟቸው። ቦርሳውን በወር አንድ ጊዜ ገልብጠው ያራግፉት።

ቦታዎቹን አስቀድመው ያስቡ። ሐረር ጅብ በሚመገብበት ቦታ ሰው ሁሉ አፈር ላይ ተንበርክኮ ነው የሚያነሣው፤ ሌንስዎን ከቤት መርጠው ይሂዱ። ለታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣ ሰው የሕዝቡ እግር የሚያስነሣውን አቧራና የጧፉን ጭስ አብሮ ያገኛል፤ ሁለት ካሜራ ያለው ሁለቱን በተለያየ ሌንስ ይያዝ። ሠርግ ቤትና ቡና የሚፈላበት ክፍል ደግሞ ዕጣን አለ። ዕጣን የዛፍ ሙጫ ነው፤ ጭሱ ያመጣው ነጥብ በብሎወር ብዙም አይለቅምና ማጨሻው አጠገብ ሌንስ አይፍቱ። ዙም ሌንስ ሲሳብና ሲመለስ አየር ስለሚያስገባ፣ ከመመለስዎ በፊት በርሜሉን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት።

በስንት ጊዜው ላጽዳ?

የቀን መቁጠሪያ የለውም። ከትልቅ ሥራ በፊት ባለው ቀን ይፈትሹ፤ ፎቶው ካላሳየ አይንኩት። ነጥብ ይዞ የተነሣ ፎቶ ካለዎት ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ አንዱን አስተካክለው ያንኑ ማስተካከያ ለቀሩት መገልበጥ ይችላሉ፤ ነጥቡ ሁሉም ላይ ቦታው አንድ ነው። ኒኮንና ካኖን ለዚሁ የሚሆን የአቧራ ማጣቀሻ ፎቶ ማንሻ በሜኑ ውስጥ አላቸው።

መቼ ነው ለባለሙያ የምሰጠው?

ጭረት ሲታይ፣ ቆሻሻው ከፊልተሩ በስተጀርባ ሲሆን፣ ፈሳሽ ከዳር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ሦስት ስዋብ ካልረዳ። የተጫረው ፊልተሩ እንጂ ሲሊኮኑ ስላልሆነ ፊልተሩ ሊቀየር ይችላል፤ ግን ካሜራው ተፈቶ ሴንሰሩ እንደገና በልኩ መቀመጥ ስላለበት ዋጋው ቀላል አይደለም። ባለሙያው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት በኤፍ 16 የተነሣ ፎቶ አብራችሁ እዩ፤ ሲመልስልዎትም እዚያው ቆመው ያንኑ ይድገሙ።

የተረፈውን ፈሳሽ እንዴት ላስቀምጥ?

ክዳኑን አጥብቀው፣ ከፀሐይና ከእሳት ርቆ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ። ሜታኖል ከተጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም፤ ስለዚህ ወደ ውሃ ወይም ወደ ለስላሳ ጠርሙስ ፈጽሞ አይገለበጥ። መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ድሬ ላይ የቆመ መኪና የሚደርስበት ሙቀት ጠርሙሱን ያሳብጠዋል። የተከፈተበትን ቀን በጠርሙሱ ላይ ይጻፉ።